እትዬ ሽንኩርት ጥማቸውን ያጡ ጊዜ

ተማሪዎቹ «እትዬ ሽንኩርት» ይሏቸው ነበር። ስሙን መጀመሪያ ያወጣው ማን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። እኔ ለማስተማር ወደዚያ ትምህርት ቤት ስመጣ፣ ስሙ ከሕንፃው ጋር አብሮ የተሠራ እስኪመስል ተለምዶ ነበር። እሳቸውም አይቆጡም። «ያላስለቀስኩት ተማሪ የለ፤ ታዲያ ምን ይበሉኝ?» ይሉና በአፍንጫቸው ይስቃሉ።

የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ማይክሮስኮፖቹን የሚወለውሉ፣ ብልቃጦቹን የሚያጥቡ፣ የተሰበረውን በዝርዝር የሚይዙ እሳቸው ናቸው። ክፍሉ ምድር ቤት ጥግ ላይ ነው፤ ስድስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ጫፍ አንድ አንድ ቧንቧ፣ ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያነጣችው የሰውነት ክፍሎች ሥዕል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ስድስተኛው ጠረጴዛ ድረስ ትዘረጋለች።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ መውጣቴ ነበር። ስለ ሴል ማስተማር በጀመርኩበት ሳምንት የሸመደድኩት ሁሉ ከአፌ ይወጣል፣ ተማሪው ጆሮ ግን አይደርስም። እትዬ በሩ ላይ ተደግፈው ሲሰሙኝ ቆዩና ወጡ። ሲመለሱ ቀይ ሽንኩርት ይዘዋል።

ሽንኩርቱን ለሁለት ከፈሉት። ከአንዱ ቅጠል ላይ ከሐር የሳሳ ልጣጭ በጥፍራቸው ቆንጥረው ገፈፉ፤ ትንሿ መስታወት ላይ ዘርግተው አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። በማይክሮስኮፑ ሲታይ እንደ ጡብ የተደረደሩ ክፍሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው እስከ ጥጋቸው በሐምራዊ ውሃ የተሞሉ።

«እያንዳንዷ ሴል ቤት ናት» አሉ ለተማሪዎቹ። «ግድግዳ አላት። ከግድግዳው ውስጥ ደግሞ ስስ መጋረጃ አላት። መጋረጃዋ ውሃን እንደልቡ ታስወጣለች፣ ታስገባለች፤ ጨው ሲመጣ ግን በር ላይ ታስቆመዋለች። አሁን ከውጭ ጨው ላድርግባት። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ።»

አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ጨመሩ። ሐምራዊው ነገር ከግድግዳው እየተላቀቀ፣ እየተኮማተረ መሃል ላይ ተሰበሰበ። ግድግዳው ባለበት ቆሟል፤ ነዋሪው ግን ወደ ውስጥ ሸሽቷል። ተማሪዎቹ እየተጋፉ አዩ። ቀጥለው ንጹሕ ውሃ ጨመሩባት፤ ቀስ እያለች ሞላች።

«ቶሎ ከደረስንላት ትመለሳለች» አሉ። «ከዘገየን ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ያን ትምህርት ለእሳቸው ለቀቅኩ። አሥራ አንድ ዓመት በየዓመቱ አስተማሩልኝ።

የሚኖሩት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከታናሽ እህታቸው ጋር ነበር። እህትየው ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሮ እንኳ እትዬ «ሚጣ» ነው የሚሏት፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩም ሚጣ ብሎ አጸደቀው። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር፣ ያላለቁ ቀሚሶች በየመስቀያው። ሁለቱም ትዳር አልያዙም። ሲጨቃጨቁ ላየ የተጣሉ ይመስላሉ፤ አንዷ ስታስነጥስ ግን ሌላዋ ናት የምትደነግጠው።

አንድ ዓመት እትዬን ራስ ምታት ያዛቸው። ሦስት ቀን በሻሽ ጠፍረው ሠሩ። በአራተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ሲደርሱ ከአንጎላቸው ሥር ያለ አንድ የደም ሥር እንደ ፊኛ ተነፍቶ መተርተሩ ታወቀ። ራሳቸው ተከፍቶ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። የሚተርፍ ሰው ጥቂት ነው ተባለ፤ እሳቸው ተረፉ። በሁለት ወራቸው የተላጨ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ ሸፍነው ወደ ላቦራቶሪው ተመለሱ። የሁሉንም ሰው ስም ያስታውሳሉ። ከመታመማቸው በፊት ማን ስንት ብልቃጥ እንደሰበረ እንኳ አልረሱም። ሁላችንም «ምንም አልጎደለባቸውም» አልን።

የሙቀቱ ወር ነበር። መስኮቶቹ ተከፍተው ነፋስ የለም። ተማሪው ሁሉ በየደቂቃው ለውሃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እኔ ራሴ በቀን ሦስት ጠርሙስ እጨርሳለሁ። እትዬ ግን በዚያ ሙቀት ውስጥ ብልቃጥ ሲያጥቡ ውለው ከንፈራቸው እንደ ልጥ ተሰንጥቆ ይታየኛል። ድምፃቸው ሻከረ። ምራቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ጉሮሯቸው «ቀጭ» ሲል ሰምቻለሁ።

«እትዬ፣ ውሃ ላምጣልዎት?»

«ለምኑ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም፤ መልሱን እየጠበቁ ያዩኝ ነበር።

ሌላ ቀን ስገባ ሁለተኛው ጠረጴዛ ጋ ቆመዋል፤ ቧንቧው ተከፍቶ ይንዠቀዠቃል። እጃቸው ቧንቧው ላይ፣ ዓይናቸው ውሃው ላይ። ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም፤ ውሃው ገንዳውን ሞልቶ ጫማቸውን አርሶታል። ስጠራቸው ቀስ ብለው ዞሩ።

«ምን ላደርግ እንደከፈትኩት ጠፋኝ» አሉ።

ቀዶ ጥገናው ነው፣ ይሻላቸዋል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰው የፈራውን ነገር ስም ሲሰጠው ይቀለዋል።

በዚያው ሳምንት፣ በምሳ ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ሳለ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ነጭ ሆና ተኝታለች። እትዬ ጨርቅ እያጠፉ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ ሰው፣

«መምህር፣ ልጆቹ ከቆዳቸው እየራቁ ነው» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ፊታቸው አለ። ከፊታቸው ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ፊት አለ፤ ወደ ኋላ የሸሸ። ሲናገሩ የውጪው አይንቀሳቀስም።» ጨርቁን አጥፈው አስቀመጡና ሌላ አነሱ። «ያቺኛዋ ግን ከሁሉ ብሳለች።»

«የትኛዋ?»

በአገጫቸው ወደ ስድስተኛው ጠረጴዛ አመለከቱ። «ያቺ የተቀመጠችው። ጀርባዋን ነው የምትሰጠኝ። ማን እንደሆነች አላውቅም፤ ደርቃለች።»

ዞር ብዬ አየሁ። ባዶ ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ አቧራና ፀሐይ። ማንም የለም። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከአንገቴ ጀምሮ እስከ ወገቤ ውርር አደረገኝ። ወንበሩ በትንሹ ከጠረጴዛው ተስቦ ወጥቷል፤ ሰው እንደተቀመጠበት ወንበር። ተማሪ ትቶት የሄደ ይሆናል። አልጠየቅኩም። «ይረፉ እንጂ እትዬ፣ ሥራ አብዝተዋል» ብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ለእህታቸው መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም። ሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ስድስተኛው ጠረጴዛ ጋ አለመሄድ ብቻ ነው።

ሚጣ ናት የመጣችው። አንድ ጠዋት፣ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት፣ መምህራን ማረፊያ በር ላይ ጠበቀችኝ። በእጇ የእትዬን የውሃ ጠርሙስ ይዛለች።

«መምህር፣ አንድ ነገር ላሳይህ፤ አበደች እንዳትለኝ።»

ጠርሙሱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የውሃው ከፍታና ክሩ አንድ ላይ ናቸው።

«ከሦስት ቀን በፊት ነው ያሰርኩት» አለች። «በየቀኑ ይዛው ትመጣለች፤ በየቀኑ እንደዚሁ ይመለሳል። ቤትም አትጠጣም። ሻይ ካስቀመጥኩላት ቀዝቅዞ ያድራል። ጠጪ ስላት "እሺ" ትለኛለች፤ ከዚያ ትረሳዋለች። ቀሚሷን በአንድ ወር ሁለት ጊዜ አጠበብኩላት። እኔ ሰፊ ነኝ፤ የሰው ልክ አልስትም። እህቴ እያለቀች ነው።»

ያኔ ስለ ተቀመጠችው ሴት ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክፍለ ጊዜው እንዳለቀ ይዘናቸው ሆስፒታል ልንሄድ ተስማማን። የሚገርመው፣ የዚያን ቀን ትምህርት የሽንኩርቱ ነበር።

አርባ ተማሪ ማይክሮስኮፖቹን ከቦ ቆሟል። እትዬ ልጣጩን ገፈፉ። የጨው ውሃውን ጣሉ። አጎንብሰው ማየት ጀመሩ፤ እንደተለመደው ቀና ብለው እንዲያስረዱ ጠበቅን። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ቀና አሉና ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር፣ እያንዳንዱን ፊት፣ ኋላም ማንም የሌለበትን ወንበር ተመለከቱ።

«ማነው ጨው የጨመረብን?» አሉ።

ልጆቹ ሳቁ፤ እትዬ መቀለድ ያውቃሉና። እሳቸው ግን በጣም በቁም ነገር፣ ጥፋተኛውን እንደሚፈልግ ሰው፣ ደግመው ጠየቁ። «እናንተ ልጆች፣ ማነው የጨመረብን?» ሳቁ ጸጥ አለ። አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ተጋደሙ። ስደርስ ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ስማቸውን ብጠራ ግን ማንም ውስጥ ያለ አይመስልም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነች ሴት ናት። የደም ምርመራውን ውጤት ይዛ ስትመጣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማስደገሟን ነገረችን። በሐኪሞች መለኪያ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው ጨው ከመቶ ሠላሳ አምስት እስከ መቶ አርባ አምስት ነው። የእትዬ መቶ ሰባ ሁለት ነበር።

ቁጥሩ ገባኝ። ደሙ ጨው ሲሆን ውሃው ከሴሎች እየወጣ ወደ ደሙ ይሄዳል። የአንጎል ሴሎችም ሴሎች ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት በመስታወት ላይ ያየሁት ነገር፣ እኔ ሙቀቱንና ቀዶ ጥገናውን ስወቅስ፣ ለሳምንታት በሰው ራስ ውስጥ ሲካሄድ ከርሟል።

ሚጣ ይሄን ሁሉ አላወቀችም፤ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቷ ውሃ ጎድሏታል። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ ሙሉ ጆግ ውሃ ይዛ አልጋው ጋ ደረሰች። ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

«አይሆንም።»

«ውሃ እኮ ነው! ውሃ ይከለከላል እንዴ?»

«ቀስ ብለን ነው የምንሰጣት፤ በደም ሥር፣ በጠብታ። ሦስት ቀን ይፈጃል።»

«ሦስት ቀን! እየደረቀች ሦስት ቀን?»

ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳቻት። «ሴሎቿ ድርቀቱን ለምደውታል። ለመኖር ሲሉ ውስጣቸውን ከውጪው ጋር አስተካክለዋል። አሁን ውሃ ብናጎርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ያብጣሉ። አንጎል ደግሞ የራስ ቅል ውስጥ ነው፤ ቢያብጥ የሚሄድበት የለም። ጥሙ ያልገደላትን ውሃው ይገድላታል።»

ሚጣ ጆጉን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ሦስቱን ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሷም ከሱ አልጠጣችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እትዬ አወቁን። የመጀመሪያ ቃላቸው «ሚጣ፣ ጸጉርሽን ምን አደረግሽው?» የሚል ነበር። ሚጣ እያለቀሰች ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ በእጇ ጤዛ ያዘለ ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ይዛለች።

«እትዬ፣ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ጠምቶዎት ያውቃል?»

እትዬ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ገጠሙት። የጠፋበትን ነገር ኪሱ ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ አለ።

«ጥም... ምን ይመስል ነበር?» አሉ።

ሐኪሟ ብርጭቆውን ፊታቸው ላይ አደረገችው። «ይሄን ሲያዩ ምን ይሰማዎታል?»

«ብርጭቆ ነው። ውሃ አለበት። ግድግዳ እንደማየት ነው።»

ሐኪሟ እንዲህ አስረዳችን። ከአንጎል ሥር ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቦታ አለች። ሥራዋ ደሙን መቅመስ ነው፤ ሳታርፍ ትቀምሳለች። ጨው ከፍ ሲል ኩላሊቱን «ውሃ አታባክን» ብላ ታዛለች፤ ሰውየውን ደግሞ «ጠጣ» ብላ ትጮህበታለች። ያንን ጩኸት ነው እኛ ጥም የምንለው። የተተረተረው የደም ሥር የሚመግበው ያቺን ቦታ ነበር።

«ሞታለች?» አለች ሚጣ።

«ዝም ብላለች። ኩላሊቱን የሚያዝ ክኒን አለን። ለጥም ግን ክኒን የለም።»

ከዚያ በኋላ የእትዬ ኑሮ በሰዓት ሆነ። በቀን ስምንት ብርጭቆ፣ በተወሰነ ሰዓት። ሚጣ የስፌት መኪናው ላይ የሚጮህ ሰዓት አስቀመጠች፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ደወሉ ሲደወል እኔ አስታውሳቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የሰው ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ሃምሳ አራት ኪሎ መሆን አለባቸው። ሥጋ በአንድ ቀን አይቀንስም፤ በአንድ ቀን የሚቀንሰው ውሃ ነው። ሃምሳ ሦስት ከሆኑ ሁለት ብርጭቆ ይጨምራሉ፤ ሃምሳ አምስት ከሆኑ ይተዋሉ።

መጀመሪያ አካባቢ ከፍርሃት ብዛት ከታዘዘው በላይ ይጠጡ ነበር። ያቺ ሴት እንዳትመጣ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ እያስመለሳቸው፣ ራሳቸው እየዞረ ተመልሰው ሆስፒታል ገቡ፤ አሁን ደግሞ ጨዋቸው ወርዶ ሴሎቹ ማበጥ ጀምረዋል። ሐኪሟ ተቆጣች። «በዚህም በኩል ገደል አለ እኮ እትዬ።»

«ሰውነቴ ድሮ ይጠራኝ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፣ የማይጣፍጣቸውን ውሃ እየዋጡ። «አሁን ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ መብራት እያበራሁ እያጠፋሁ የምኖር ነው የሚመስለኝ።»

ያቺ ሴት ግን ጨርሳ አልጠፋችም። ሥራ በዝቶ አንድ ሁለት ብርጭቆ ካለፋቸው፣ ወይም ትኩሳት ይዟቸው ላብ ካጠመቃቸው፣ ትመጣለች። ስድስተኛው ጠረጴዛ ጋ፣ አንዳንዴም ቤት፣ ካልተሰፉት ቀሚሶች መሃል፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ሲጠጡ፣ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የውሃ ሽታ ትሆናለች። ይህንን ለሐኪሟ ሲነግሯት ወረቀቷ ላይ ጻፈች።

«ውሃ ያነሰው አንጎል የሌለ ነገር ያሳያል» አለች። «እኔ የማምነው ሚዛኑን ነው። ግን ከመጣች አይከራከሯት። ይጠጡና ወደ እኔ ይምጡ።»

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው የሙቀት ወር ሚጣ የታመሙ አክስታቸውን ለማስታመም ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። «አሥር ቀን ነው፤ ሚዛኑ አለሽ፣ ሰዓቱ አለሽ፣ መምህር አለሽ» ብላ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ወጣች።

በሰባተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ እትዬ ሚዛኑን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘውት ላቦራቶሪ መጡ። ከንፈራቸው እንደዚያኛው ጊዜ ተሰንጥቋል። ወለሉ ላይ አስቀመጡት፣ ግን ጨርቁን አልገለጡም።

«መምህር፣ ምክር ልጠይቅህ መጥቻለሁ። ሚዛኑ በየቀኑ "ሃምሳ አራት ነሽ፣ ደህና ነሽ" ይለኛል። እሷ ግን መጥታለች። ሦስት ቀኗ ነው። ማንን ልመን?»

«አሁንም አለች?»

ወደ ኋላዬ አዩ። «አለች። ድሮ ጀርባዋን ነበር የምትሰጠኝ። ዛሬ ግማሽ ፊቷን አሳየችኝ። አፏ ክፍት ነው።»

«ውሃውን በሰዓቱ ጠጥተዋል?»

«እንደሚዛኑ ነው የጠጣሁት። ትናንት ልጨምር አሰብኩ፤ ሚዛኑ ግን ልክ ነሽ አለኝ። ያለፈው ጊዜ ብጨምር ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ። በየትኛው በኩል ገደል እንዳለ አላውቅም።»

ያኔ ከዓመታት በፊት፣ እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ፣ «ይረፉ» ብዬ ጥያቸው የወጣሁት ትዝ አለኝ። ተንበርክኬ ጨርቁን ገለጥኩት።

ሚዛኑ ላይ ማንም አልቆመም። መርፌው ሃምሳ አራት ላይ ነበር።

ሁለታችንም አየነው። ከሜዳው የልጆች ጩኸት ይሰማል። እትዬ በጣም በዝግታ፣ «ከኔ በፊት ቆማበታለች ማለት ነው» አሉ። እኔ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ያን ሰዓት ግን ሚዛኑን ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት። እኔ ወፍራም ሰው ነኝ፤ ከዘጠና ኪሎ ወርጄ አላውቅም። ሃምሳ አራት አለ። ወርጄ ነቀነቅኩት፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ውስጡ ያለው ሞላ ዝጎ ተይዟል። በሙቀቱ ብዙ ስለሚያልባቸው እትዬ ቶሎ ቶሎ ይታጠባሉ፤ ሚዛኑን የሚያኖሩትም መታጠቢያ ቤት ነው፤ እርጥበቱ ሳይበላው አልቀረም። ጠዋት ሲወጡበት ደግሞ ቁጥሩን የሚያዩት ከወጡ በኋላ ነው። ባዶውን ማን ያየዋል?

«መምህር፣ ኪሎህ እንዲህ ቀንሶ ሳትነግረኝ!» አሉ እትዬ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ደርቆ ቀረ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ወስጄ ደህናው ሚዛን ላይ አቆምኳቸው። ሃምሳ አንድ ከሩብ። ሁለት ብርጭቆ አጠጥቼ በታክሲ ሐኪሟ ዘንድ አደረስኳቸው። ጨዋቸው መቶ ሃምሳ ሰባት ደርሷል። አንድ ሦስት ቀን ብንዘገይ ኖሮ ያለፈው ታሪክ ይደገም ነበር፤ ምናልባትም በባሰ። ሐኪሟ ቁጥሩን ከነገረችን በኋላ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሚዛኑን ነው የማምነው ብዬዎት ነበር» አለች።

«ብለሽኝ ነበር፣ ዶክተር።»

«ተሳስቻለሁ። ሁለቱንም ይመኑ።»

እትዬ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አልታወቀም፤ እትዬ ራሳቸው መልኳን ከእናታቸውም፣ ከራሳቸውም፣ ከማንም ጋር ማገናኘት እንደማይችሉ ነው የሚናገሩት። ሙሉ በሙሉ ዞራ አታውቅም። እንዳትዞር ነው የሚጠጡት። እኔም ማብራሪያውን አውቀዋለሁ፤ የሴል መጋረጃውን፣ የጨውን መጠን፣ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ፣ ሁሉንም ለተማሪ አስረዳለሁ። ላቦራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ስሆን ግን ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ገፍቼ ነው የምወጣው።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ሚጣ መነጽር ላይ መነጽር ደርባ ትሰፋለች። ተቀምጠን ስናወራ ሰዓቱ ጮኸ። ሚጣ ሳትነሳ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ሦስት ብርጭቆ ቀዳች። እትዬ የእሳቸውን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጨለጡት። ሚጣም የራሷን ጠጣች።

«አንቺም በሰዓት ትጠጫለሽ?» አልኳት።

«ድሮ አብሬያት ልጠጣ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ ብቻዋን መድኃኒት እንዳይመስላት» አለች ክሩን በጥርሷ እየቆረጠች። ከዚያ መርፌዋ ቆመ። «አሁን ግን ሳስበው፣ እኔም ከጠማኝ ስንት ዓመቴ! ሳይጠማኝ ቀድሜ ስለምጠጣ ጠምቶኝ አያውቅም። ጥሜ ይኑር ይጥፋ በምን አውቃለሁ?»

እትዬ ብርጭቆውን አስቀምጠው እህታቸውን አተኩረው አዩ። «ነገ አንድ ብርጭቆ ዝለይና እዪ» አሏት።

«እሺ» አለች ሚጣ። ቆየት ብላ ግን፣ «አይ፣ ይቅር፤ ባይጠማኝስ?» አለች፤ ወደ ስፌቷም ተመለሰች።